የይርገዱ መርዶ

ከኮሶዬ እስከ አምባ ጊዮርጊስ ባለው ደጋ፣ ይርገዱ ያላለቀሰችለት ሰው ሞተ አይባልም ይባል ነበር። ቀልድ ነው፤ ቢሆንም አገሬው ቀልዱን እንደ ሕግ ይዞት ኖሯል። ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚጠየቀው "ይርገዱ ሰምታለች?" ነው። ካልሰማች ቀብሩ ይዘገያል፤ ቄሱም ጥላቸውን አጥፈው ይጠብቃሉ።

ሙሾ አውራጅ ነች፤ እናቷም ሙሾ አውራጅ ነበረች። ለቅሶ ቤት እንደገባች አትጮኽም። ከሴቶቹ መሐል ቁጭ ትልና ስለ ሟቹ ትጠይቃለች። ምን ይወድ ነበር? ከማን ጋር ተጣልቶ ነበር? ምን ጀምሮ ሳይጨርስ ቀረ? ይህን ሁሉ ከሰማች በኋላ መቀነቷን አጥብቃ ትነሳለች። በሰኔ፣ በእርሻ መሐል ለሞተ አንድ ገበሬ የደረደረችው እስከ ዛሬ ይነገራል፦

ሞፈሩን አንሱለት ደጅ አይደር ብቻውን፣
ጌታዬ የት ሄደ ሲል ምን ይሉታል በሬውን።

ያን ቀን የሟቹ ባለጋራ፣ ድንበር ገፋኝ ብሎ ሲከሰው የኖረው ሰው ሳይቀር፣ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ተንሰቅስቋል።

የመርዶም ሰው ነች። ሩቅ አገር ዘመድ የሞተበት ሰው ሲኖር የአገር ሽማግሌው አያ ሙሉሰው በማለዳ በሯን ይመታና ይዟት ይሄዳል። ይርገዱ ለመርዶ የማትለቀው ሥርዓት አላት። መርዶው የሚነገረው ሰው አስቀድሞ ደህና አድርጎ ይብላ፤ የተራበ ሆድ ሐዘን አይችልም። ሰላምታ አይብዛ። ከሁሉ በላይ ደግሞ "ትንሽ አሞት ነው" እየተባለ አይዋሽ። "ውሸቱም ራሱን የቻለ መርዶ ነው፤ አንዱን ሐዘን ለምን ሁለት ታደርጉበታላችሁ?" ትላለች።

ባለፈው ዓመት፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ኮሶዬ መንገድ ዳር ምግብ ቤት የነበራት አንዲት ባልቴት አረፈች። ይርገዱ ተነሳች፦

ኮሶዬ ብርድ ነው መንገደኛው ምን ይሁን፣

አለችና ሁለተኛው መስመር ጉሮሮዋ ላይ ቀረ። አፏ ተከፍቷል፣ እጇም ተዘርግቷል፤ የወጣው ግን ዘይት እንዳጣ የበር ማጠፊያ ያለ ሲጥታ ብቻ ነበር። ሴቶቹ ደረታቸውን ሊመቱ እጃቸውን እንዳነሱ ጠበቋት። ጉሮሮዋን ጠራርጋ ደግማ ሞከረች። አልሆነም። ሌላ ሴት ያገኘችውን ግጥም ጣል አድርጋ ለቅሶውን ስታነሳው ይርገዱ ተቀመጠች። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን አፍራ አታውቅም።

"ብርድ ነው" አሏት። የደጋ ሰው ላልገባው ነገር ሁሉ ብርድ ይላል። ፌጦ በሎሚ አሹላት፣ ዳማከሴ ጨምቀው አጠጧት፣ ማር በዝንጅብል ላሰች። ድምፅዋ ግን እየሰለለ ሄደ። ምራቋን ስትውጥ ጆሮዋን ይወጋት ጀመር። በኋላ ደግሞ "እንጥሏ ወርዳ ነው" ተባለና ልጇ ይበልጣል እንጥል ቆራጩን አያ ኪዳነወልድን ሄዶ ጠራው። አያ ኪዳነወልድ የግማሹን አገር ሕፃን እንጥል የቆረጠ ሰው ነው። ፊቷን ወደ ፀሐይ አዞረ፣ በማንኪያ እጀታ ምላሷን ተጭኖ ጎንበስ ቀና እያለ አየ።

"ምነው፣ አንቺ እንጥል የለሽም እኮ" አለ።

"በሕፃንነቴ ተቆርጧል።"

"ማን ነው የቆረጠው?"

"አባትህ።"

ይበልጣል ሳቀ። አያ ኪዳነወልድ ግን አልሳቀም። አንገቷን ይዳብስ ጀመር፤ ከመንጋጋዋ ሥር አንድ ቦታ ላይ ጣቱ ቆመና እሳት እንደነካ ሰው እጁን ሰበሰበ። ምላጩን ሳያወጣ ኮሮጆውን አሰረ። ይበልጣልን ወደ ጓሮ ወስዶ ምን እንዳለው ይርገዱ አልሰማችም። ልጇ ተመልሶ ሲገባ ግን ዓይኗን ሸሸ።

ሴት ልጇ ወንጌላዊት ጎንደር ነው የምትኖረው፤ አዘዞ አማርኛ ታስተምራለች። ለፋሲካ ስትመጣ እናቷ ተኝታ የምትተነፍሰውን ሰማች። እያንዳንዱ ትንፋሽ ያፏጫል። ምንም አልተከራከረችም፤ በዓሉ እንዳለፈ እናቷን ይዛ ጎንደር ወረደች። ይበልጣልም እያጉረመረመ ተከተላቸው። ዶክተር ፊልጶስ የሚባል የጉሮሮ ሐኪም በቀጭን ካሜራ በአፍንጫዋ ገብቶ ጉሮሮዋን አየ፤ ናሙናም ወሰደ። ይርገዱ እንባዋን እየጠረገች፣ ባለቻት ሰላላ ድምፅ "በአፍንጫ ገብቶ ድምፅ የሚፈልግ ሰው ዛሬ ገና አየሁ" አለችው። ሐኪሙ ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን አልቆየም።

ውጤቱ የደረሰ ዕለት ልጆቿ ብቻቸውን ገቡ። እሷ ኮሪደሩ ላይ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ብዙ ቆዩ። ሲወጡ ወንጌላዊት ፊቷን ታጥባለች፤ ይበልጣል ባርኔጣውን በእጁ ይጠመዝዛል።

"እማ፣ ነቀርሳ ነው ብለዋል" አለች ወንጌላዊት። የእናቷን ፊት አየችና ቶሎ ብላ "የሳንባው" ስትል ጨመረች። "ኪኒን ነው የምትወስጂው።"

አማርኛችን ለሁሉ ነገር ቃል ሞልቶት ሳለ እዚህ ላይ ምን እንዳሰሰተው እንጃ፤ በኪኒን የሚድነውን የሳንባ በሽታም ነቀርሳ ይለዋል፣ ሰው ስሙን ለመጥራት የሚፈራውን ካንሰርንም ነቀርሳ ይለዋል። ይርገዱ የሳንባውን ታውቀዋለች። ጎረቤቷ ጽጌሬዳ ከሁለት ዓመት በፊት ይዟት፣ መድኃኒቷን ጨርሳ፣ ዛሬ እንስራ ተሸክማ ዳገት ትወጣለች። ስለዚህ ደረቷ ቀለል አለ። "ተመስገን" አለች፤ ወደ አገሯም ተመለሰች።

በሩ ከተዘጋ በኋላ የተባለውን ይርገዱ የሰማችው ኋላ ነው፤ እኛ ግን አሁኑኑ እንስማው። ዶክተር ፊልጶስ ነገሩን አላድበሰበሰም። ማንቁርቷ ላይ ያለው እብጠት ካንሰር ነው። ገና ሩቅ አልሄደም፤ ቶሎ ከተደረሰበት ማንቁርቱ በቀዶ ሕክምና ይወጣል፣ አንገቷ ላይ በሚከፈት ቀዳዳ ትተነፍሳለች፣ የመዳን ተስፋ አላት። ድምፅዋ ግን አይመለስም። ከዘገየ እብጠቱ የአየር መተላለፊያውን ይዘጋዋል። ይበልጣል "ብረት አይነካትም" አለ። አያ ኪዳነወልድ ጓሮ ወስዶ የነገረው ይህንኑ ነበር፤ ነቀርሳ ብረት ሲነካው ይቆጣል፣ ካልነኩት ተኝቶ ይከርማል። ወንጌላዊት ደግሞ ብረቱን ባትፈራም ቃሉን ፈራች። ድምፅሽ ሊወሰድ ነው ብላ ለዚያች ሴት እንዴት ትንገራት? "ለጊዜው አይነገራት" ብላ ሐኪሙን ለመነች። ዶክተር ፊልጶስ "የታመሙት እሳቸው ናቸው፤ ንገሯቸውና ለሚቀጥለው ሳምንት አምጧቸው" ብሎ ቀጠራቸው። እነሱ ግን ቀጠሮውን አሳልፈው፣ ከፋርማሲ ቫይታሚን ገዝተው፣ ስሙ እንዳይታይ ሌላ ብልቃጥ ውስጥ ገልብጠው ሰጧት።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእነ ወንጌላዊት ውሸት የቀለለው ጽጌሬዳ ልትጠይቅ የመጣች ቀን ነው።

"እትዬ ይርገዱ፣ ቲቪ ያዘሽ አሉ" አለች ገና ሳትቀመጥ። ቲቢን ቲቪ ነው የምትለው፤ ስንቴ አርመዋት ትተዋታል። "አይዞሽ፣ እኔን አየሽ አይደል? እስቲ መድኃኒትሽን አሳይኝ።"

ይርገዱ ብልቃጡን ሰጠቻት። ጽጌሬዳ አንዷን ፍሬ መዳፏ ላይ አድርጋ አገላበጠቻት።

"ይኸ የኔን አይመስልም። ሽንትሽ ቀላ?"

"ምኑ?"

"ሽንትሽ ነዋ። የኔ እኮ ያን መድኃኒት ስጀምር ደም መስሎኝ ስጮህ ነው ያደርኩት። የጤና ባለሙያዋ ናት መድኃኒቱ ነው ያለችኝ። እሷስ ትመጣለች? እኔ ስውጥ ቆማ ካላየች አትሄድም ነበር።"

"ማንም አልመጣም።"

"ልጆቹንስ ከአንቺ ጋር አትተኙ አላሏቸውም?"

ይርገዱ ብልቃጡን ተቀበለቻት። የይበልጣል ልጆች አሁንም እቅፏ ውስጥ ነው የሚተኙት፤ በእሷው ዋንጫ ነው ውሃ የሚጠጡት። አንድም ሰው ተው አላላቸውም። ጽጌሬዳ ከሄደች በኋላ ብልቃጡን ይዛ ብዙ ቆየች። ጥርጣሬ ገባት፤ ቢሆንም ገና ስም አልነበረውም።

ስሙን ያገኘችው ቅዳሜ ነው። ያን ቀን ወንጌላዊት ከጎንደር መጣች፤ መንገዱ በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ተከፍቶ ሁለት ቀን እየተዘጋ፣ ትምህርትም ሳይዘጋ መምጣቷ ራሱ የደግ ምልክት አልነበረም። ይበልጣል ያለ በዓል፣ ያለ እንግዳ በግ አረደ። ይርገዱ ስጋ መዋጥ አይሆንላትም፤ መረቁን በማንኪያ አቀረቡላት። "ብዪ እማ፣ ትንሽ ጨምሪ" ይላል ይበልጣል። "ጠጪ እማ" ትላለች ወንጌላዊት። ሁለቱም አይበሉም። ሁለቱም ስታቀረቅር ያዩዋታል፣ ስታያቸው ያቀረቅራሉ። ይርገዱ ማንኪያውን አስቀመጠች። ይህን አበላል ታውቀዋለች። ስንት ቤት ሄዳ "መጀመሪያ አብሏት፤ ከዚያ ትሰማለች" ብላ ያዘዘችው እሷ ራሷ ናት። እነዚህ ልጆች መርዶ ይዘዋል፤ መርዶውም የእሷው ነው።

ፍርሃት ያዛት። የሌላውን ሞት ስትናገር የኖረች ሴት ናትና አትፈራም እንዳትሉ። ግን አልጠየቀቻቸውም። ወደ ጽጌሬዳ ቤት ብቅ አለችና "አያ ሙሉሰውን ነገ ማልደህ ና፣ መርዶ አለ በይልኝ" አለቻት።

"የማን?"

"ሲመጣ ይሰማል።"

በማግስቱ አያ ሙሉሰው ጋቢውን ተከናንቦ፣ ዱላውን ይዞ ደረሰ። ይበልጣል በሩን ከፈተለትና ደነገጠ።

"ማን ሞተ አያ?"

"እኔማ ከእናንተ ልሰማ ነው የመጣሁት" አለ ሽማግሌው።

ይርገዱ መደቡ ላይ ተቀምጣ ነበር። ነጠላዋን አስተካክላ ልጆቿን ከፊቷ እንዲቀመጡ በእጇ አመለከተቻቸው። ስትናገር ሁሉም ጎንበስ ማለት ነበረባቸው፤ ድምፅዋ ከሹክሹክታ አይሻልም፤ በየቃሉ መሐልም ትንፋሽ ትፈልጋለች።

"አያ ሙሉሰው፣ እነዚህ ልጆች መርዶ ይዘው ተጨንቀዋል። አብልተውኛል፤ ሥርዓቱን አላጓደሉም። መናገሩ ግን አቃታቸው። አንተ አናግርልኝ።"

ሽማግሌው ቤቱን ዞር ብሎ አየ፤ ገባው። ዱላውን መሬት ላይ አጋደመና "በሉ፣ ማን ይጀምራል?" አለ።

ወንጌላዊት ነበረች የጀመረችው። "እማ፣ ነቀርሳ ነው ማለቴ እኮ ውሸት..."

"ሰሙን ለእኔ ሰጠሽኝ፣ ወርቁን ለራስሽ ደበቅሽ" አለች ይርገዱ። "አማርኛ አስተማሪ መሆንሽን አልረሳሁትም። አንቺ ግን የማን ልጅ መሆንሽን ረሳሽ።"

ወንጌላዊት ለቅሶ ቀደማት። ከዚያ ሁሉንም ነገረቻት፤ ማንቁርቱን፣ ቀዳዳውን፣ የሚዘጋውን ትንፋሽ፣ ድምፅዋ እንደማይመለስ። ምንም አላስቀረችም። ይርገዱ ዓይኗን ጨፍና ሰማቻት።

"ሐኪሙ እድናለሁ ብሏል?"

"ተስፋ አለ ብሏል። ቶሎ ከሆነ።"

"መቼ ነበር የቀጠረን?"

ወንጌላዊት ወንድሟን አየችው።

"አልፏል" አለ ይበልጣል በመጨረሻ። "እኔ ነኝ ያስቀረኋት። ብረት አይንካሽ ብዬ ነው እማ። ከነኩት ይቆጣል፣ ካልነኩት ይተኛል ብለውኛል።"

ይርገዱ ተቆጣች። ጮኻ መቆጣት የማትችል ሰው ቁጣዋ ከባድ ነው፤ ይበልጣል ወደ ኋላ ሸሸት አለ።

"ባለ ወፍጮውን ታውቀዋለህ? ምላሱ ሥር ቁስል ወጣ፤ ቡዳ ነው አልን። የዛሪማውን ነጋዴ ጉሮሮው አብጦ ውሃ ከለከለው፤ ድግምት ነው አልን። የአጎትህ ሚስት አንገቷ ላይ ሲወጣባት ስሙን አትጥሩት ብለን አፋችንን ዘጋን። ሦስቱንም ያለቀስኩላቸው እኔ ነኝ። አንዳቸውንም ብረት አልነካቸውም። ተኝቶ የከረመው ለማንኛቸው ነው?"

"እውነቷን ነው" አለ አያ ሙሉሰው። ለባለ ወፍጮው ያወረደችውን በዝግታ፣ ለራሱ እንደሚል ሰው አለው፦

ውሃ ባፉ ይዞ መዋጥ ያቃተው፣
ወንዝ አጠገብ ቁሞ ጥም የገደለው።

ይበልጣል ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ።

ነገሩ ግን በዚህ አላለቀም። ብረቱን አትፍራ ብላ ልጇን የገሰጸችው ሴት ራሷ የምትፈራው ሌላ ነበር። ብቻዬን ተዉኝ አለቻቸውና ወጥታ ከገደሉ አፋፍ፣ ቆላው ወለል ብሎ ከሚታይበት ተቀመጠች። ድምፅ የሌላት ይርገዱ ማን ናት? አርሳ አታውቅ፣ ነግዳ አታውቅ። ሰው የሚያከብራት በአፏ ነው። ነገ ለቅሶ ቤት ስትገባ ቦታ የሚለቅላት ማን ነው? "ያቺ ምስኪን" እየተባለች ጥግ ላይ ልትቀመጥ ነው። ሞት ይሻላል ስትል አሰበች፤ እውነትም የተሻለ መስሏት ነበር።

ያን ስታስብ ትንፋሿ ተያዘ። መጀመሪያ ያው ፉጨት ነው፤ ቀጥሎ ፉጨቱም ቆመ። አፏን ከፈተች፣ የሚገባ ነገር የለም። የደጋው ነፋስ ፊቷን እየመታት፣ ያ ሁሉ አየር በዙሪያዋ እያለ፣ አንዲት ጉንጭ ታህል ወደ ውስጥ አልገባም አላት። ሣሩን ጨብጣ በጉልበቷ ወደቀች። ሙሾ ሳይሆን ልጆቿ ነበሩ በዓይኗ የመጡት። ይበልጣል ሮጦ ደርሶ ከኋላዋ ደግፎ ቀና ሲያደርጋት የሆነ ነገር ተላቀቀና ቀጭን ትንፋሽ ገባ። ልብሷ በላብ ርሷል።

"ማኪና ፈልግ" አለችው።

ማኪና ግን አልነበረም። ያን ቀን መንገዱ ተዘግቷል። ይበልጣል አስፋልቱ ዳር ቆሞ ዋለ፤ ወንጌላዊት ሐኪሙ ጋ ብትደውል ኔትወርኩ ይቆራረጣል። ይርገዱ ጀርባዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ፣ ተቀምጣ አነጋች፤ ከተኛች እንደምትታፈን አውቃዋለች። ጽጌሬዳ አጠገቧ ሆና ስትተነፍስ አብራት ትተነፍሳለች። በማግስቱ ረፋድ ላይ ድንች የጫነ አይሱዙ ከዳባት በኩል ብቅ አለ። ሾፌሩ ሁለት ሰው ብቻ ነው የምይዘው አለ፤ ይበልጣል ከድንቹ ጆንያ ላይ ወጥቶ ተንጠለጠለ። ቁልቁለቱን ሲወርዱ ወንጌላዊት የእናቷን ደረት እንጂ መንገዱን አላየችም። ሾፌሩም ያን ፉጨት እየሰማ ነዳ።

ዶክተር ፊልጶስ የት ቆያችሁ አላለም። አይቷት "ዛሬውኑ" አለ፤ ክፍሉም ይዘጋጅ ጀመር። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ዓይን ዓይኗን እያየ፣ ለልጆቿ የነገረውን ሁሉ ለእሷ ደግሞ ነገራት። "እናቴ፣ ድምፅዎ አይመለስም። ይህን አውቀው ነው የተስማሙት?"

ይርገዱ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ወደ ይበልጣል ዞረች። የእሱን ቃል ሳትሰማ አትገባም።

"በል፣ አንተም ይሁን በል።"

ይበልጣል ጉልበቷን ሳመ። "ይሁን" አለ።

ነርሷ ተሽከርካሪ አልጋውን ስትገፋ ወንጌላዊት ስልኳን አወጣች። በዘመኗ ሁሉ ይርገዱ ለቅሶ ላይ ድምፅዋን በስልክ አስቀድታ አታውቅም፤ የሞተን ሰው ሐዘን መቅዳት ሟርት ነው ባይ ነች። ስለዚህ ያ አገር ያስለቀሰ ድምፅ አንድም ቦታ አልተያዘም።

"እማ፣ አንድ ነገር በዪን" አለች ወንጌላዊት። ስልኩንም ወደ እናቷ አፍ አስጠጋች። ነርሷም የሚሆነው ገብቷት አልጋውን አቆመች። ሁሉም የሚጠብቁት ግጥም ነበር። ይርገዱም ፈልጋ ነበር፤ ልቧ ውስጥ ሞልቷል። ትንፋሿ ግን አያደርስም፤ በዚያ ላይ ነርሷ ያወለቀችላት ነጠላ ከአልጋው ጫፍ ተንሸራቶ ወለሉን ሊጠርግ ነው።

"እሱን ነገር አስቀምጪና ነጠላዬን ያዢ። መሬት እንዳይነካ።"

ወንጌላዊት ነጠላውን ያዘች። በሩ ተዘጋ።

ይርገዱ ዳነች እንበል፤ ሐኪሙ "ገና እንከታተላለን" ነው የሚለው፣ ለጨረርም ሌላ ከተማ ሄዳ ተመልሳለች። ትንፋሿ ግን ተመልሷል። ከቀዶ ሕክምናው በነቃች ጊዜ ይበልጣል እጁን አንገቷ ላይ ካለው ቀዳዳ ፊት ይዞ "ይሞቃል" ብሎ ነበር፤ ደጋግሞ ይህንኑ ነበር የሚለው። እሷም ያ ሙቀት የራሷ መሆኑን ለማመን ጥቂት ቀን ፈጅቶባታል። አሁን በቀዳዳው ላይ ስስ ጨርቅ ታስራለች፤ አቧራና ብርድ እንዳይገባ።

ለመስቀል ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን እግዜር ማረሽ ሊል ተሰበሰበ። አያ ሙሉሰው ከላይ ተቀመጠ። ከጨዋታው መሐል አንዱ "ድምፅዋ ተቀድቷል አሉ፣ እስቲ አሰሙን" አለ። ይበልጣል እናቱን በዓይኑ ጠየቀ፤ እሷም ይሁን ብላ እጇን አወዛወዘች። እህቱ የላከችለትን ከፈተ። ገሚሱ አስቀድሞ ራሱን ለለቅሶ አዘጋጅቷል።

"እሱን ነገር አስቀምጪና ነጠላዬን ያዢ። መሬት እንዳይነካ።"

ጽጌሬዳ ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ ነጠላውን ፍለጋ ዞረች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ይርገዱም ሳቀች፤ ትከሻዋ ተርገፈገፈ፣ በአንገቷ በኩል ትንፋሽ ፉት ፉት አለ። "ድገመው" ብላ በጣቷ አመለከተች። ደገመው። ሦስተኛውን እየሰማች ሳለ ፊቷ ተለወጠ። ያን ድምፅ በመጨረሻ የሰማችው ከራሷ አፍ ነበር፤ አሁን ከልጇ መዳፍ ውስጥ እንደ ሌላ ሰው ይናገራል፣ ከዚህ ሌላም የሚለው የለውም። እጆቿን ጭኗ ላይ ጥላ አለቀሰች። ያገሩን ሰው ሁሉ በግጥም የሸኘች ሴት ለራሷ ስታለቅስ ግጥም አልነበራትም። አያ ሙሉሰው "በቃሽ" ሊላት ሲነሳ ይበልጣል ክንዱን ይዞ አስቀመጠው።